ፖን የዋለበት ሐሙስ

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 4

ዛሬም አኩሪ አተር ስረግጥ ዋልኩ። በባዶ እግር፣ ቅርጫት ውስጥ፣ ገለፈቱ እስኪለቅ ድረስ። የእግር ጣቶቼ ተጨማድደዋል።

ከቤካሲ ከተማ ወደዚህ መንደር ከመጣሁ ሃያ ቀን ሆነኝ። አክስቴ ፖኒየም ብቻዋን ቴምፔ ትሠራለች፣ በቅጠል ተጠቅልሎ በእርሾ የሚያያዝ፣ ተጠብሶ የሚበላ የአኩሪ አተር ምግብ። እናቴ የላከችኝ ለሙከራ ነው። "ለአክስትሽ ከጠቀምሻት እዚያው ትቀሪያለሽ። ካልሆነ የአጎትሽ ልጅ ሪስማ የጓንት ፋብሪካ ታስገባሻለች።" ፋብሪካውን በር ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ። ሁለት ሺህ ሴት በአንድ ደወል... እዚሁ መቅረት እፈልጋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

አክስቴ ግን ትገርመኛለች። ሰዓት የላትም። የግድግዳው ከቆመ ቆይቷል፣ ባትሪ እንኳ አልገዛችለትም። ታዲያ እንዴት አይረፍድባትም? አንዱ አተር ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፏል፣ አንዱ ቅጠል ውስጥ ተኝቷል፣ አንዱ ደርሷል። ሦስት ቀን አንድ ቤት ውስጥ አብረው ያድራሉ! እሷ ሦስቱንም በጭንቅላቷ ይዛ ታንጎራጉራለች።

"አክስቴ፣ የዛሬ ሥራ የቱ ነው?" አልኳት። ስንት ጊዜ ተለማምጄ።

"የዛሬ ሥራ የሚባል የለም፣ ኒንግሩም። ይሄ የምቀቅለው የሐሙስ ነው።"

ላግዛት ብዬ አሮጌ ካላንደር ጀርባ ላይ ሰንጠረዥ አሰመርኩ። ሰባት ዓምድ፣ እንደ ትምህርት ቤቱ። የገበያ ሰው እዚህ ቀኑን በሌላ ስም ነው የሚጠራው፦ ፖን፣ ዋጌ፣ ክሊዎን፣ ሌጊ፣ ፓሂንግ። ዛሬ ፖን ነው አለችኝ። ሰኞ ሥር ጻፍኩት።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 8

ፓሂንግ። ትልቁ ገበያ። ዓርብ ሥር ጻፍኩት። አምስቱም ስሞች ቦታቸውን ያዙ። ቅዳሜና እሑድ ባዶ ቀሩ፣ የዕረፍት ይሆናሉ... እንዴት እንደሚያምር።

ገበያ ላይ አክስቴን ሳያት ነው የዋልኩት። ሰው ሲመጣ መጀመሪያ "መቼ ነው የምትጠብሱት?" ትላለች። ከዚያ ዓይኗን ሳትጥል ጥቅሎቹን በእጇ ትዳስሳለች። "ይሄ ለዛሬ ምሳ። ይሄ ለነገ ነው፣ ዛሬ እንዳትነኪው።" ቅጠሉን ሳትፈታ! በመዳፏ ብቻ ስንት ሰዓት እንደቀረው ታውቃለች። እኔ ብዳስስ ብዳስስ ቅጠል ብቻ።

ከጎናችን በርበሬ የሚሸጠው ጋሽ ዋጊማን፣ "ፖኒየም፣ ይቺ ልጅ ምላሷን ቤካሲ ረስታ ነው የመጣችው?" አላት።

"ላንተ ምላስ ቦታ ትታ ነው" አለችው። ሰው ሳቀ። እኔ ጎንበስ አልኩ።

ከገበያ ስንመለስ ስልክ ተደወለ። ሶሎ ከተማ ያለችው ልጇ ምጥ ሊይዛት ነው። አክስቴ ነጠላ ጫማዋን እያጠለቀች፣ "ረቡዕ ገበያ ነው። ለሱ እሑድ ቀቅይ፣ ሰኞ ጠቅልይ። ረቡዕ እደርስልሻለሁ" አለችኝ።

ረቡዕ? ገበያ ዛሬ፣ ዓርብ፣ አልነበረም እንዴ? ልጠይቅ አፌን ስከፍት አውቶቡሱ መጣ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 10

ቀቀልኩ። ዘፈዘፍኩ። ብቻዬን።

ከሰዓት እትዬ ሙርያቲ መጡ፣ ከመስጊዱ ኋላ ያሉት ባላቸው የሞተባቸው ሴትዮ። "ፖኒየም የለችም? እንግዲህ ለአንቺ ልንገርሽ። ለፖን ስልሳ ጥቅል እፈልጋለሁ፣ በጠዋት። ባለቤቴ ከሞተ ሺህኛ ቀኑ ነው፣ የመታሰቢያው ድግስ።"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"ሺህኛ ቀን አይደገምም፣ ልጄ። መንደሩን ሁሉ ጠርቻለሁ። አደራ።"

እንደገና ነቀነቅኩ። ከሄዱ በኋላ ሰንጠረዤን አየሁ። ፖን ሰኞ ነው... ነገ? አይሆንም፣ ቴምፔ በአንድ ቀን እንደማይደርስ እሳቸውም ያውቃሉ። የሚመጣው ሰኞ ነው እንግዲህ፣ 18። ጻፍኩት። ሰፊ ጊዜ አለኝ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 11

ገና አሁን ነው የተቀመጥኩት።

ጠዋት የረቡዑን አተር እየረገጥኩ ነበር። እግር ሲሠራ ሐሳብ ይሄዳል። ለምንድን ነው ገበያው ረቡዕ የሆነው? በጣቴ ቆጠርኩ። ከዓርብ ወዲህ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። አምስት። ከዓርቡ በፊት የሄድነው መቼ ነበር? እሑድ። ከእሑድ እስከ ዓርብ... አምስት!

ገበያው ሰባት አያውቅም። የራሱ ሳምንት አለው፣ አምስት ቀን ብቻ ያለው። ከኛው ሳምንት ሥር ሥር ሲሄድ ኖሯል፣ ዕረፍት የለ፣ እሑድ የለ። ሁለት ሳምንት በአንድ ምድር ላይ! እና ሰው ሁሉ ሁለቱንም ይዞ ይኖራል፣ ልጆች ሳይቀሩ። እግሬ ቆመ።

ከዚያ ትዝ አለኝ። ረቡዕ ፓሂንግ ከሆነ ማግስቱ ፖን ነው። የእትዬ ሙርያቲ ፖን ሐሙስ ነው። የዚህ ሳምንት ሐሙስ!

በባዶ እግሬ ጋሽ ዋጊማን ቤት ሮጥኩ።

"ጋሼ፣ ፖን መቼ ነው?"

"እንዴ! ትናገራለች ለካ!" ከዚያ ፊቴን አየና፣ "ሐሙስ ነዋ። ምነው?"

"እኔ ሰኞ መስሎኝ..."

"የከተማ ልጅ! ፖን ሰኞን አግብቶ የተቀመጠ መሰለሽ? ፖን ዞሮ አዳሪ ነው፣ አንድ ቤት አይረጋም።" ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። "የሙርያቲ ድግስ ነው? አልቀቀልሽም?"

"አልቀቀልኩም።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ሐሙስ ጠዋት እንዲደርስ ነገ ከዐስር ሶላት፣ ከከሰዓቱ ጸሎት፣ በፊት መጠቅለል አለበት። ለዚያ ዛሬ ተቀቅሎ ማደር አለበት። ያለኝ ድስት ደግሞ አንድ ነው፣ የረቡዑም ሁለተኛ ቅቅል ይጠብቀዋል። ማልቀስ ጀምሬ ነበር... ግን ሳለቅስ እሳቱ እየነደደ ነው። እኔ ባለቅስም ባላለቅስም ይነዳል። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። አክስቴ ብቻዋን አይደለችም። እሳቱ ይሠራላታል፣ ውሃው ይሠራላታል፣ ፀሐይም። የእያንዳንዳቸውን ሥራ ሰጥታቸው ነው የምታንጎራጉረው።

የረቡዑን ጣድኩ። እሱ እስኪበስል የሙዝ ቅጠል ቆርጬ እንዲጠወልግ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁ። አተሩን አወጣሁት፣ እንዲበርድ ሰፌድ ላይ በተንኩት። በባዶው ድስት የሐሙሱን ጣድኩ። እሱ ሲፈላ የረቡዑን አተር እርሾ ነስንሼበት ጠቀለልኩ። ዐስር አዛን ሲል የመጨረሻውን አሰርኩ። ሰዓት አላየሁም!

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 12

ስልሳውን ጠቅልዬ ጆንያ አለበስኳቸው። ክንዴ አይነሳም። አክስቴ ይህን ሠላሳ ዓመት...

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 13

አክስቴ ከአውቶቡስ ወርዳ በቀጥታ ገበያ መጣች። ሴት ልጅ ተወልዳለች። የረቡዑ ቴምፔ መልካም ነበር፣ ሁሉም ተሸጠ። ዝም ማለት እችል ነበር። ጋሽ ዋጊማንም ትንፍሽ አላለም፣ ዓይኑን ወደ በርበሬው አደረገ።

ቤት ስንገባ ነገርኳት። ሰንጠረዡንም አሳየኋት። ብዙ አየችው።

"ቀን ይሄዳል፣ አንቺ ቸነከርሽው" አለች። "ስልሳው የት ነው?"

ጆንያውን ገልጣ እጇን ሰደደች። እኔም ከጎኗ። ይሞቃል! እሳት የለ፣ ፀሐይ የለ፣ ከራሱ ነው የሚሞቀው፣ እንደ ትኩሳታም ሕፃን። አንዱን ይዛ ዓይኗን ጨፈነች።

"ሲነጋ እናየዋለን።"

እናቴ ጋ ትደውል ይሆን?

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 14

አንዱን ፈታሁት። ነጭ። ጥጥ የመሰለ ነጭ፣ ፍሬው ሁሉ ተያይዞ አንድ ሆኗል። የእንጉዳይ ሽታ አለው። ይህን እኔ አልሠራሁትም፣ ጊዜ ነው የሠራው። እኔ ቦታ ብቻ ነው የለቀቅኩለት።

ተሸክሜ ሄድኩ። የእትዬ ሙርያቲ ግቢ ሴቶች ሞልተዋል፣ ዘይቱ ተጥዷል። ጥቅሉን ከፍተው አሸተቱ። "እሱም የሚወደው እንዲህ ሲሆን ነበር" አሉና በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ምንም አላወቁም። ጥግ ላይ ቆሜ የመጀመሪያው ቁራጭ ዘይት ሲገባ አየሁ። ሺህ ቀን ቆጥረው እዚህች ጠዋት ላይ ደረሱ... ልትቀርባቸው ነበር።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 19

ሪስማ ደወለች። አክስቴ እንጨት እየፈለጠች ነበር። አዳመጠች፣ ከዚያ ስልኩን ለኔ ዘረጋችው። "ላንቺ ነው። እኔ አልመልስልሽም።"

"ኒንግሩም፣ ቦታ ተገኝቷል!" አለች ሪስማ። "ቅዳሜ በአውቶቡስ ነይ፣ መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ። ሰማሽኝ? ኧረ ተናገሪ!"

ካላንደር አላየሁም። በጣቴም አልቆጠርኩም።

"ቅዳሜ ፓሂንግ ነው" አልኳት። "ገበያ አለብኝ።"

"ምን አለብሽ?"

"አተሩን ነገ ነው የምቀቅለው፣ ሪስማ። አልችልም።"

ስልኩን ስመልስ አክስቴ መጥረቢያውን አንስታ ነበር። አልወረደም። ትንሽ አየር ላይ ያዘችው።

"እንግዲያው ሁለተኛ ድስት እንግዛ" አለችና ፈለጠች።