የተሳለምኳት ሴት

ውድ እህቴ ተናኜ፣ ሰላምታዬ ከነቤተሰብሽ በደህና ያግኝሽ። እኔ ከጉልበቴ ሕመም፣ ሰፈራችን ስካርቦሮም ከብርዱ በቀር ደህና ነን፤ ተመስገን።

ልጅሽ ሰሎሜ ቀን ትማራለች፣ ማታ ዳንፎርዝ ካለ ምግብ ቤት ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ትዘፍናለች። ክፍሏ ግድግዳ ላይ ጠርዙ ወርቅማ የሆነ ትንሽ ሥዕል ሰቅላለች። ሴቲቱ ዓይኗ ትልልቅ፣ ፊቷም ያዘነ ስለሆነ ቅድስት መስላኝ ጠዋት ጠዋት ስሳለማት ከረምኩ። አንድ ቀን ሰሎሜ አየችኝና በሳቅ ፈረሰች።

«አክስቴ፣ የቲያትር ሴት እኮ ናት! ድሮ እንዲህ ያሉ የሥዕል ካርዶች ሲጋራ ፓኮ ውስጥ ይከቱ ነበር። እኔ ኮሌክት አደርጋቸዋለሁ።»

አፌን በሳሙና ፈተግሁት፤ ዛሬም ትምባሆ ትምባሆ ይለኛል። የሰው ልጅ ፊት ለጭስ ማሻሻጫ! አጫሹ በቢጫ ጣቱ ሲያገላብጣት ይውልና ሲሰለቸው መንገድ ላይ ይጥላታል።

«ያ ድሮ ቀረ» ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት ካፖርቷን ስሰቅል ከኪሷ እንደዚያው ያለ አዲስ ካርድ ወደቀ። ምግብ ቤቱ ሲጋራ ለሚገዛ ሁሉ ያድለዋል አሉ። ትከሻዋ የተራቆተ፣ ከንፈሯ የቀላ ልጅ ናት። ከሥሩ በእኛው ፊደል ስም ተጽፎበታል። በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩት ይህን ላነብ ኖሯል?

የሰሎሜን ፎቶ ላኪልኝ ብለሽኝ ነበር። ነጠላ ለብሳ የተነሣችው እስኪገኝ ታገሺኝ። ከዚህ የሚመጣ ሰው «ፎቶዋ ነው» ብሎ ቢሰጥሽ ግን፣ በእናታችን ሞት፣ እንዳትቀበዪው።

ጎረቤቱን ሁሉ በስሜ ሳሚልኝ።

እህትሽ ይታይሽ፣ ከቶሮንቶ