በአቦ እግር ሥር ለተደፋው አባቴ

አባዬ፣

ከሸኘንህ ሁለተኛው ክረምት ገባ። በሕይወት ሳለህ «እርስዎ» ነበር የምልህ፤ ድምፄ ትንሽ ከፍ ካለ እጅህ ይነሳ ነበር። አሁን የሚነሳ እጅ ስለሌለ አንተ እልሃለሁ። አትቆጣኝ። ብትቆጣም ግድ የለኝም።

ቤቱ ደኅና ነው። ሰፈራችን ቦሳ አዲስ እንደምታውቀው ነው፣ የጅማ ዝናብም አልሰለቸውም። ትሥልበት የነበረውን ክፍል ለሁለት የኮሌጅ ተማሪዎች አከራየነው፤ የቀለሙ ሽታ ራስ ያዞራል እያሉ መስኮቱን ከፍተው ያድራሉ። እማዬ ወፍራለች። ይህን የምነግርህ ደስ እንደማይልህ ስለማውቅ ነው።

ሰፈሩ ግን ጻድቅ አድርጎሃል። እስከ ደዶ ድረስ የየደብሩን ግድግዳ ቅዱሳን ያለበስክ አንተ ነህና «እጁ የተባረከ» ይሉሃል። አንዲት ሴት ከመቃብርህ አፈር ዘግና ለታመመ ልጇ ስትወስድ አይቻለሁ። ልጁ በመድኃኒት ዳነ፤ ምስጋናው ላንተ ሆነ።

እኔ የማስታውሰው ሌላ ነው። ሸራው ግቢ ውስጥ ተወጥሮ ሲቆም ቀለም እበጠብጥልህ ነበር። ክንፍና ልብስ ታስቀባኛለህ፣ ፊት ግን አታስነካኝም። ደስ ያለህ ቀን ሕጉን ታስተምረኝ ነበር፤ ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ሰጥቶ ይሣላል፣ ሁለት ዓይን አለው፤ ኃጢአተኛ በጎን ነው፣ አንድ ዓይን ይበቃዋል። እነዚያን ቀናት እወድህ ነበር። እሱን አልክድም።

ከዚያ እማዬ ዱላው ሲበዛባት ለሽማግሌዎች ከሰሰችህ። በሰው ፊት ጉልበቷን ስመህ ይቅርታ ጠየቅህ። ቤት ስትገባ አልመታሃትም፤ የፍርድ ቀኑን ሥዕል ጀመርክ። ሰይጣን በሰንሰለት ከሚጎትታቸው ኩኑናን አንዷን ስትጨርስ ቀሚሷን እንድቀባ ጠራኸኝ። ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ነበር። የእማዬ ጠባሳ፣ አንተ ያደረግህባት። አንድ ዓይን ብቻ ሰጥተሃታል።

ሥዕሉ በሴቶች በር በኩል ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። እማዬ እስከ ዛሬ በየእሑዱ ከራሷ ምስል ሥር ቆማ ታስቀድሳለች። ሰፈሩ ሁሉ አወቃት፤ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

ዘንድሮ ሰበካ ጉባኤው አስጠራኝ። አዲስ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ሥሪልን፣ አባትሽንም በአቦ እግር ሥር ተደፍቶ ሲማፀን አድርጊው፣ መታሰቢያ ይሁነው አሉኝ። እኔ መጀመሪያ ወደ እማዬ ሄጄ፣ ያንን ያንቺን ምስል በአዲስ ሸራ ልሸፍንልሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ስትለምን ብቻ በምታወጣው የደዶ ኦሮምኛዋ «ማሎ ልጄ፣ ተይው» አለችኝ። «እኔን እግዜር ያውቀኛል። እሱን ግን አሳምረሽ ሥሪው።»

አሳመርኩህ። አቦን ጸጉራቸው እስከ እግራቸው ወርዶ ሣልኳቸው። አንበሶቹንና ነብሮቹን እንዳስተማርከኝ ፊታቸውን ወደ ሰው መለስኩ። አንተ ከመካከላቸው ተደፍተሃል፤ ሽበትህ አለ፣ የተጣመመው ጣትህም አለ፣ የሚያውቅህ ሁሉ ይለይሃል። የሣልኩህ በጎን ነው። አውሬዎቹ እንኳ ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው፤ ላንተ አንድ ሰጠሁህ።

ቄሱ አይተው ትሕትናህን አደነቁ፤ በጎን የሆነው ቀና ብሎ ጻድቁን ሲያይ ነው አሉ። በሴቶች በር በኩል፣ ከእማዬ ምስል ፊት ለፊት አስለጠፉህ። እማዬ ብዙ ቆማ አየችህ፣ ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። የምታለቅስ መስሏቸው ሴቶቹ ደግፈው አጽናኗት። እየሳቀች ነበር።

እኔ አልረሳህም አባዬ። እርጥበቱ ሲያስለቅቅህ መልሼ እለጥፍሃለሁ፣ ስትደበዝዝ አድስሃለሁ። በዕድሜዬ የሣልኩት የመጀመሪያው ፊት፣ ከአቦም በፊት፣ ያንተ ነው።

ልጅህ