የሳሳው ቀይ ቀለም

ሰኞ፣ የካቲት 3

ሥራ የቀዘቀዘበት ቀን። አንድ ነጭ ፒክአፕ ብቻ። ወንበሩ የድመት ፀጉር ለብሷል፤ ባለቤቱ ግን "ድመት የለኝም" ብሎ ድርቅ አለ። ታዲያ የማን ነው? የራሱ ይሆናላ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ጠረግኩለት።

አባዬ እንደ ልማዱ የመኪና ማሳመሪያ ቤታችን በር አጠገብ ተቀምጦ ዋለ። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ የፖሊሽ ማሽኑን አይነካም። አፉ ግን ጡረታ አልወጣም። "አትጫኚው... ከፀሐይ አውጪው... ስፖንጁ ቆሽሿል፣ አንቺ ልጅ።" አንቺ ልጅ እንደተባልኩ ልሸብት ነው። ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ቀድሞኝ ብድግ ይልና "እኔን አናግረኝ" ይላል። እኔ ቱታ ለብሼ፣ እጄ በፖሊሽ ተለውሶ፣ እዚያው ጎኑ ቆሜ። ሲያናድደኝ ዋለ። አሁን ስጽፈው ግን ያስቀኛል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ቀዩዋ መጣች... ድምፅዋን ከመታጠፊያው ጀምሮ ነው ያወቅኩት። አባዬም አውቋል፤ ሳትደርስ ተነስቶ ቆመ።

የመምህሩ መኪና ናት። እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ መምህሩ በየዓመቱ ያመጧት ነበር። እሳቸው ባልዲ ገልብጠው ይቀመጡና የተማሪ ፈተና ያርማሉ። አባዬ ቀለሙን እንዳይጭርበት ሰዓቱንም ቀለበቱንም ቀበቶውንም ያወልቃል። ሱሪው እንዳይወርድ በገመድ ያስራል። እኔ መብራት እይዛለሁ። ሲጨርስ "ነይ፣ ጥርስሽን ቁጠሪ" ይለኛል። ኮፈኑ ላይ ፊቴን አያለሁ፤ የፊት ጥርሶቼ የሉም። መምህሩ እስኪያስላቸው ይስቃሉ። ያ የፖሊሽ ሽታ፣ ያ ሳቅ... የት ሄደ ያ ሁሉ?

መምህሩ አርፈዋል። ዛሬ ባለቤታቸው ናቸው የመጡት፤ የነዳው የወንድማቸው ልጅ ነው።

"ልሸጣት ነው" አሉ። "ዓይኔ ከእንግዲህ አይሆንም ብሎኛል። ስትሄድ ግን እሱ እንደሚወዳት ሆና ትሂድልኝ።"

አባዬ ወደ እኔ እንኳ ሳይዞር፣ "እኔው ራሴ ነኝ የምሠራት፣ እትዬ። በእጄ።"

በዚያ እጅ?

ረቡዕ፣ የካቲት 5

አባዬ ለምሳ ቤት ሲሄድ የቀለም ውፍረት መለኪያዋን አውጥቼ ቀዩዋን ለካሁ። ፊት ለፊቱ አላወጣትም፤ ባያት ያኮርፋል። ጣሪያው ደህና ነው። በሮቹም ምንም አይሉም። የኮፈኑ ጠርዝ ጋ ስደርስ ግን መለኪያዋ የተበላሸች መሰለኝ። ደጋግሜ አስጠጋኋት። ያው ነው። ቀለሙ አልቋል ማለት ይቻላል።

ለነገሩ ምን ይገርመኛል? ፖሊሽ ቀለም አይጨምር። ጭረቱን የሚያጠፋው ዙሪያውን ስስ አድርጎ በመፋቅ ነው። አዲስ መኪና ይችለዋል። ቀዩዋ ግን በየዓመቱ... ስናሳምራት ስንፍቃት ኖረናል።

አንዴ እጁ ከጠነከረ ከሥር ያለው ግራጫው ቅብ ብቅ ይላል። ሰፈሩ ሁሉ "እጁ አይስትም" የሚለው ሰው፣ በዚህ ዕድሜው፣ በመምህሩ መኪና ላይ... አይሆንም። ይሄን ማየት አልችልም። መንገር አለብኝ። ግን በምን አፌ?

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ነገርኩት።

"መለኪያሽ ያቺን መኪና መቼ ነው ያወቀቻት?"

"አባዬ፣ ጠርዙ ላይ ምንም የቀረ ነገር የለም። ሰም ብቻ እንቀባት።"

"የምትፈሪው ቀለሙን ነው ወይስ የኔን እጅ?"

ዓይኔ እጁ ላይ አረፈ። እሱም ጭኑ ላይ የተቀመጠውን እጁን አየው። "ሁለቱንም በያ" አለኝ፣ ሳይቆጣ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

አርብ፣ የካቲት 7

ሰዓቱን አወለቀ። ቀለበቱን አወለቀ። የቀበቶው ዘለበት አልፈታ አለው። ሄጄ ፈታሁለት።

መብራቱን ያዝኩለት። ጨርቁን ጣቱ ላይ ጠቅልሎ ትንሽ ፖሊሽ አስነካና ከበሩ ጀመረ። አሮጌ ቀለም ስለሆነ ጨርቁ ቶሎ ቀላ። የደስታ ምልክት ነበር ይሄ ድሮ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ዙር ዙር ሲል አይታወቅበትም። በሩ በራ። ጣሪያው በራ። ማንጎራጎር ጀመረ እንዴ? አዎ፣ ጀመረ። እኔም ፍርሃቴን ረሳሁት፤ መብራት ይዤ የቆምኩት ያቺ ጥርሰ ወላቃ ሆንኩ። ምነው እንዲህ እንደሆነ ቢመሽ አልኩ።

ከዚያ ኮፈኑ። ጨርቁ ቀይ... ቀይ... ጠርዙ ጋ ሲደርስ ግራጫ።

እኔ ሳልናገር ቆመ። ጠርዙ መሐል ላይ ጥፍር የምታህል ግራጫ ወጥታለች።

"አየሽው?"

"አየሁት።"

"መለኪያሽ ልክ ነበረች።"

ልክ ባትሆን ኖሮ ምን ነበረበት...

በትንሽ ብሩሽ ቀይ ላስነካው፣ ማንም አያውቅም አልኩት። "እትዬን ላታልላቸው ነው? ሰም ብቻ ቀቢ" አለና ሄዶ ተቀመጠ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

እትዬ መጡ። ቅዳሜና እሁድን እንዴት እንደማስረዳቸው ስሸመድድ ነበር፤ አባዬ አላስጀመረኝም። በቀጥታ ኮፈኑ ጋ ወሰዳቸው።

"ይቺን ይዩልኝ። በየዓመቱ አሳምራለሁ ስል ቀለሟን የጨረስኩት እኔ ነኝ። ልጄ አስጠንቅቃኝ ነበር፤ አልሰማኋትም።"

እትዬ ጎንበስ አሉ። ዓይናቸው አልረዳ ሲላቸው በጣታቸው ዳሰሱት። አባዬ ተማሪ መስሎ ቆሟል።

"እዚህች ጋ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲያኮርፈኝ የሚደገፈው" አሉ በመጨረሻ። "ቤት አልገባም ብሎ እዚህ ተደግፎ ያመሽ ነበር። የሁለታችሁ ሥራ ነው፣ ያንተና የሱ።"

"ይቅርታዎን፣ እትዬ።"

"እንዴ፣ ታዲያ ማን እንዲጨርሳት ፈልገህ ነበር፣ ወንድሜ?"

አባዬ አንገቱን ደፍቶ ያንኑ ቦታ በእጅጌው ወለወለ። እትዬ ክንዱን ያዙት። እኔ ስፖንጅ የማጥብ መስዬ ዞርኩ። የሚታጠብ ስፖንጅ አልነበረም።

ቀዩዋ ስትወጣ አባዬ እስከ መታጠፊያው በዓይኑ ሸኛት። ከዚያም በኋላ ቆሞ ቀረ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

አንድ ወጣት ጥቁር አዲስ መኪና ይዞ መጣ። በሩ ላይ አባዬን ሲያይ፣ "አባት፣ ፖሊሽ ፈልጌ ነበር" አለው። አባዬ አልተነሳም። በአገጩ ወደ እኔ አመለከተና፣ "የቤቱን ባለቤት አናግራት" አለው።

ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው። መደሰት ነበረብኝ... ልጁ የሚለኝን ሁሉ አልሰማሁም፤ እሺ እሺ ብዬ ቁልፉን ተቀበልኩ።

ማሽኑን ሳነሳ አንድ ነገር መጣብኝ። የማሽኑ ገመድ ትከሻ ላይ ካልዞረ እየተጎተተ ቀለሙን ይጭራል። አባዬ በዚህ ጉዳይ ምሕረት የለውም፤ ደንበኛ ፊት ጮሆብኝ ያውቃል። ሆን ብዬ ወደ መኪናው ለቀቅኩትና ጆሮዬን ወደ አባዬ ወንበር ሰጠሁ። "ገመድ፣ አንቺ ልጅ" እስኪለኝ።

አየው። አይቶታል፣ አውቃለሁ። ዓይኑን መለስ አድርጎ መንገዱን ማየት ጀመረ።

ትንሽ ጠበቅኩ። ከዚያ ገመዱን ራሴ አነሳሁና ትከሻዬ ላይ አዞርኩት።