ወይኑና ቴምፕትድ የምትባለው ቃል

ሰኞ
ስምንተኛዋን የእንግሊዝኛ ቃል ያዝኩ! ከማታ ትምህርት ከወጣሁ ገና ወር አልሞላኝም። ከመልካሳ መንገድ እርሻ ዘበኞች እንደኔ ያለ ካለ ይምጣ። አለቃችን ጋሽ ግርማ ሲጋራ ትተዋል። ሾፌሩ አጠገባቸው ሲያጨስ ጭሱን በዓይናቸው ሸኙና «አይ አም ቴምፕትድ» አሉ። ምን ማለት ነው አልኳቸው። «አድርገው አድርገው ይልሃል፤ ግን ገና አላደረግከውም።» ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለጫልቱ አስተማርኳት። «እኔን የወይን አምሮት ገደለኝ፣ አንተ ቃል ትለቅማለህ!» አለችኝ።

ማክሰኞ
ወይኑን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ጫልቱ ምሳ ልታደርስልኝ መጥታ በአጥሩ አየችው፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለም። የአዳማን ገበያ ዞርኩት፣ የለም። እናቷ ደግሞ «አምሮቷ ካልወጣላት ልጁ ምልክት ይዞ ይወለዳል» ይላሉ። «ኮከብ ከሆነማ መኮንን ነው» አልኩ። ማንም አልሳቀም።

ረቡዕ
የሙከራ ተክል ነው። ዘለላው ሁሉ ቅዳሜ ይመዘናል። ከኔ በፊት የነበረው ዘበኛ በፓፓያ ምክንያት ቀበሌ ታስሮ ከርሟል። ለጫልቱ አልነገርኳትም። እራትም አልበላችም። ሆዷ ገፍቷል፣ ፊቷ ከስቷል።

ሐሙስ
እጄ ቅጠሉ መሃል ገባ። ዘለላውን ያዝኩት፣ ፀሐይ አሙቆታል። ቢላዬ ኪሴ ውስጥ ነው። ሰው የለም። ቴምፕትድ፣ ቴምፕትድ እላለሁ፣ ላቤ ይወርዳል። ቃሉ የሚሠራው እስክቆርጥ ድረስ ነው። ከቆረጥኩ ስሜ ሌላ ነው፤ እሱን ባማርኛም አውቀዋለሁ። ለቀቅኩት። ነገስ?

ዓርብ
ጠዋት ጋሽ ግርማ ፊት ቆምኩ። «ጋሼ፣ አይ አም ቴምፕትድ!»
ሳቁ። «ጎበዝ! በምን?»
«በወይኑ። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ አምሯታል። ከዚያ ያንሱኝ።»
ሳቃቸው ቆመ። «ሳይሰርቅ ራሱን የሚከስ ሌባ ገና ዛሬ አየሁ» አሉና ዋናው በር ላይ አቆሙኝ። ያየኝ ሁሉ ምን አጥፍቶ ነው ይላል። ጫልቱም ስትሰማ ጀርባዋን ሰጠችኝ። «በል እንግሊዝኛህን ቀቅለህ አብላኝ!»

ቅዳሜ
ተመዘነ። ጋሽ ግርማ ወደ በሩ መጡ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ። «ከሚዛን በኋላ እንድንቀምስ ተሰጥቶን ነው፤ የኔ ድርሻ ነው።» ሰኞ የት ልቁም አልኳቸው። «እናያለን» ብቻ።
ጫልቱ ዓይኗን ጨፍና በላች። ስትደሰት ኦሮምኛዋ ይቀድማል፤ «ገለቶሚ፣ ታዴ» ብላ አመሰገነችኝ። አንዲት ፍሬ ለእናቷ አስቀርታ ልትጠራቸው ወጣች።
ፍሬዋ ፊቴ ናት። ያን ሁሉ ወይን ጠብቄ አንድም ቀምሼ አላውቅም።
አይ አም ቴምፕትድ።