ጸበል የጠጣችው ሞተር

ወዳጄ ወልደጻድቅ፣

ለቡታጅራ ሕዝብ በሙሉ አንብብልኝ፦ በትናንትናው ዕለት የልጅ ልጄ የኣርያም ሞተር ሳይክል በጸበል ተጠምቃለች!

የልጄ የፊሊጶስ ቤተሰብ ክረምት ከበጋ እሁድ እሁድ ከገርጂ ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ሞተር ይጋልባል። ኣርያም ግን ሐምሌ ላይ ጭቃው ከጣላት ወዲህ አልነካም ብላ ነበር። ትናንት «የቦሌ ሚካኤል ጸበል ከተረጨላት እነዳለሁ» አለች። እናቷ ዕፀገነት የቤንዚኑ ክዳን ክፍት መሆኑን ሳታይ ግማሽ ሃይላንድ ጸበል ለቀቀችበት። ያንተ የጋሪ ፈረስ ውሃ ሲጠጣ ይበረታል፤ ሞተሯ ግን ጸጥ አለች።

«ይኸው፣ ሚካኤልም አትንጂ አለኝ!» ብላ ኣርያም ሄልሜቷን አወለቀች።

«ሚካኤል አይደለም፣ እናትሽ ናት!» አለ ፊሊጶስ በቁጣ፣ ቤንዚኑን እየደፋ። ዕፀገነት ጎንበስ ብላ ክዳኑን አነሳች።

አዲስ ቤንዚን ተሞልቶ ሞተሯ ስትነሳ፣ ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ወጣች። ሦስት ዙር ዞራ፣ ጥርሷ ድረስ አቧራ ለብሳ፣ እየሳቀች ተመለሰች።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ባለቤትህን የሺአረግን ሳምልኝ፤ ያንን ሰበበኛ ጉልበትህንም ጠይቅልኝ። ጸበሉን ያፈሰሰችው ዕፀገነት ናት ያልኩህን ግን ፈጥሬው ነው። ክዳኑን ሳላይ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። እሷ አይታኛለች፤ ቁጣውን ግን ዝም ብላ ተቀበለችልኝ።

ያንተው በየነ