ሥራዬን አታጣጥዪብኝ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሶልያና፤ እንዴት ሰንብተሻል? እኛ እዚህ አማኑኤል ከተማ ያለነው ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ዝናቡ አባርቷል፤ ገብሱም አሽቷል። እናትሽን ወገቧን ተሽሏታል። እኔም ስፌቴን ይዣለሁ። አዲሷ ባለሱቅ ጠይባ ሰፌዴን አይታ ብታደንቅልኝ፣ «ኧረ ተይው፣ ምኑ ያምራል!» አልኋት። በወጋችን መልሱ «ኧረ በጣም ያምራል» ነበር። እሷ ግን አምናኝ ከሌላ ሰው ገዛች! ብቆጣት «ራስሽ እያጣጣልሽው እኔ ምን ላድርግ?» አለችኝ።

ደነገጥሁ። ለካስ ስደጋግመው እኔም አምኜዋለሁ! አሁን ሲያደንቁልኝ «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ብዬ ዝም እላለሁ። መጀመሪያ ፊቴ ይግል ነበር፤ እየለመድሁት ነው።

ባለፈው በስልክ «እኔ ለምንም አልረባም» ብለሽ ስለ ራስሽ ያልሽውን ለእናትሽ አልነገርኋትም። ከዚያ ወዲህ ስልክሽ የማይነሳው ትምህርት በዝቶብሽ ነው ብያታለሁ።

ይህን ሙዳይ ለአንቺ ሰፋሁት። ክዳኑ ጋ ትንሽ ተንጋዷል፤ ግን ያምራል። አንቺንም ያሳደግሁሽ በዚሁ እጄ ነውና ሥራዬን አታጣጥዪብኝ።

አምላክ ከፊት ከኋላሽ ይሁን። ድምፅሽን እስክሰማ ስልኬን ከጉያዬ አላወጣውም።

አክስትሽ ወለተ ሐዋርያት