ማር የገባበት በርሜል

ረቡዕ

በርሜሉ እየፈላ ነው። ሦስት ዓመት ዝም ብሎ የተኛ ወይን ዛሬ ምን ነካው? ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ኦክላንድ ወዳለው መጋዘን ጎራ ብዬ ጆሮዬን ለጠፍኩበት፤ ችስስ ይላል። ውታፉን ስነቅለው አረፋውን ፊቴ ላይ ተፋብኝ።

ቀመስኩት። ይጣፍጣል። ይህ ወይን አሁን መጣፈጥ የለበትም! ሲኖማቭሮ የግሪኮች ወይን ነው፤ ስሙ ራሱ በቋንቋቸው ኮምጣጣ ጥቁር ማለት ነው። በልጅነቱ አፍ ይሰበስባል፣ ድድ ያደርቃል። የሚለዝበው ዓመታት በርሜል ውስጥ፣ ከዚያም ጠርሙስ ውስጥ ሲተኛ ነው።

ይህን ያስተማሩኝ ግሪካዊው ሽማግሌ ሚስተር ኮስታ ናቸው። ፍሬው ኮንኮርድ ከተማ፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ዳገት ላይ የበቀለ ነው፤ የመጨረሻውን ምርት አብረን ለቀምን። አሁን ቤቱን ሸጠው ሳን ሊያንድሮ የአረጋውያን መኖሪያ ገብተዋል። ገዢዎቹ ተክሉን ነቅለው ሣር አነጠፉበት። ያለው ይሄ በርሜል ብቻ ነው። ቅዳሜ አቀምስዎታለሁ ብያቸዋለሁ።

ምን አጥፍቼ ነው? በርሜሉን በደንብ አላጠብኩት ይሆን? ሙቀቱ ይሆን?

ሐሙስ

የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው እኔና ልጄ ሜሮን ጋ ነው። ጠየቅኳት። መሬት መሬት እያየች፣ «ሰርፕራይዝ ነው ብላኝ ነው፣ ዳድ። አይም ሶሪ» አለችኝ።

ያለቻት እትዬ አስካለ ናት፤ ሳን ሆዜ የምትኖረው ታላቅ እህቴ። ጠጅ በመጣል እሷን የሚያህል የለም። ባለፈው ወር የማኅበር ተራዬ ደርሶ ከበርሜሉ አንድ ጆግ ቀድቼ አቅርቤ ነበር። ሰዉ ፊቱን አጨማደደ፤ ገሚሱ ኮካ ቀላቀለበት። እትዬ ቆማ ታየኝ ነበር። ለካ አንጀቷን በልቼው ኖሯል። በቀደም ሜሮን ነድታ አመጣቻት፤ ከበርሜሉ ቀነስ አድርጋ ማር በጥብጣ ጨመረችበት።

ማር! ጠጇ ሲኮመጥጥባት እንደምታደርገው።

ማኅበርተኛው ይሄኛውን ቢቀምስ ጨርሶ እንደሚወደው አውቃለሁ። የሚያበግነኝም እሱ ነው።

ዓርብ

ከሥራ ቀርቼ ሳን ሆዜ ሄድኩ። ሀይዌዩን ሙሉ የምናገረውን ስደረድር ነበር። በሩን ከፍታ ስታየኝ ግን ፊቷ በራ።

«ቀመስከው?»

«ምን አደረግሽው እትዬ?»

«አስተካከልኩልህ ነዋ! ከሽፎበት ነው፣ ኮርቶ ነው የማይናገረው እያሉ ሲያሙህ ዝም ልበል?»

«ገደልሽው እኮ!»

«ማር ደግሞ መቼ ነው ሰው የገደለው? ያውም የአገር ቤት ማር፣ ለሜሮን ሠርግ ያስቀመጥኩት።»

ጮህኩባት። በእናቴ ቦታ ሆና ያሳደገችኝን ሴት፣ ጎረቤት እስኪወጣ ጮህኩባት። በሩን በላይዋ ላይ ወርውሬ ወጣሁ። ተናድጃለሁ። አፍሬያለሁም። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም።

አንድ ደህና ነገር፦ በርሜሉ ሲጎድል የምሞላበት፣ ከዚያው ፍሬ የተጠመቀ ወይን አንድ ትልቅ ጠርሙስ ቤት ውስጥ ተርፏል። እሱን ማር አልነካውም።

ቅዳሜ

ከትልቁ ጠርሙስ ጥቂት ቀድቼ ይዤ ሄድኩ። ሚስተር ኮስታ ከስተዋል፤ ከአልጋ የሚያነሷቸው ደግፈው ነው። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው አሸተቱት፣ ተጎነጩ። ፊታቸው ጭምድድ አለ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«ገና ነው» አሉኝ። «ግን ራሱ ነው።» ብርጭቆውን መልሰው እየሰጡኝ፣ «በርሜሉን ጠብቅልኝ» አሉ።

«እሺ» አልኳቸው።

እሺ! ሌላ ምን ልበል? በዚያ አልጋ ላይ ላሉ ሰው፣ የለፉበትን እህቴ ጠጅ አደረገችው ልበላቸው? መኪናዬ ውስጥ ገብቼ መሪውን በቡጢ ደበደብኩት።

እሁድ

ከቅዳሴ መልስ ከትልቁ ጠርሙስ የተረፈውን በትንንሽ ጠርሙሶች እስከ አፋቸው ሞልቼ፣ ቡሽ መትቼ አልጋዬ ሥር አስተኛኋቸው። አርጅቶ ያምርበት ይሆናል። ወይም ኮምጣጤ ይሆናል።

እትዬ ደወለች። አላነሳሁም። ደግማ ስትደውል አነሳሁ።

«ይቅር በለኝ። በሚቀጥለው ዓመት ፍሬው ሲደርስ ራሴ መጥቼ እለቅምልሃለሁ። እንደ አዲስ ትጥለዋለህ፤ ማር አጠገቡ አላስደርስም።»

«ፍሬ የለም እትዬ። ተክሉ ተነቅሏል። ሰውዬውም አልጋ ላይ ናቸው። የነበረው ያ ብቻ ነው።»

 መልሳ ስትናገር ድምጿ ሌላ ነበር።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን አልነገርከኝም?»

ማን ጠይቆኝ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። እሷም ስልኩን አልዘጋችም፣ እኔም አልዘጋሁም።